ቁስሉ ድኗል፤ ቫይረሱስ?

ቦሌ አራብሳን በመሰሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ውሻ ሰው በነከሰ ቁጥር ሁለት ወሬ ይከተላል። አንዱ «ቁስሉ ደርቋል፣ ምንም አይልም» ይላል፤ ሌላው «የብሎኩን ውሾች በመርዝ መጨረስ ነው» ይላል። ሁለቱም ሰው ያስገድላሉ። ውሻ ማሳደግ ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው ላይ ብዙ መቆየት አያሻም፤ ሌሊት ግቢ ይጠብቃል፣ ብቻውን ለሚኖር ሰውም ጓደኛ ነው። በስዊድን 3.4 ሚሊዮን ሰዎችን ለ12 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ውሻ ያላቸው በተለይም ብቻቸውን የሚኖሩት የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ጤናውን የሰጣቸው ውሻው ይሁን ወይስ ቀድሞም ጤነኛ የሆኑት ናቸው ውሻ የሚይዙት፣ ጥናቱ አልለየም፤ ዜና አውጪዎች ግን ይህቺን መዝለል ይወዳሉ። የሆነው ሆኖ ጥቅሙ ሁሉ የሚጸናው ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከተከተበ ብቻ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ተንኮሉ መንገዱ ላይ ነው። ብዙ ተህዋስያን በደም ይሰራጫሉ፤ በደም ውስጥ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ነቅቶ ይጠብቃል። ይሄኛው ደም ውስጥ አይገባም ማለት ይቻላል። ከውሻው ምራቅ ጋር ወደ ተነከሰው ጡንቻ ይገባል፣ እዚያው ድምፁን አጥፍቶ ሊሰነብት ይችላል፣ በኋላም ጡንቻውን የሚያዘውን የነርቭ ጫፍ አግኝቶ ይሰርጋል። ነርቭ ረጅም ክር ነው፤ ከእግር ተነስቶ ወገብ ድረስ ይዘልቃል። በክሩ ውስጥ ዳይኒን የሚባል ፕሮቲን ከጫፍ ወደ ነርቭ ሴሉ ማዕከል ሸክም ያመላልሳል። ቫይረሱ ራሱን ሸክም አድርጎ ይጫንበታል፤ ከጭነት መኪና ሸራ ሥር ተደብቆ ኬላ እንደሚያልፍ ሰው ማለት ነው። በቀን የሚጓዘውን ተመራማሪዎች ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይገምቱታል። ለዚህ ነው ፊቱን የተነከሰ ሕፃን እግሩን ከተነከሰ አዋቂ ይልቅ የሚያሰጋው፤ መንገዱ አጭር ነው። ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ በሳምንት ውስጥ የሚታይበት፣ ዓመት የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። ቁስሉ የሚሽረው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። አንጎል ከደረሰ በኋላ ይራባል፣ እንደገና በነርቭ ተመልሶ ምራቅ አመንጪ ዕጢዎች ውስጥ ይከማቻል፣ የመዋጫ ጡንቻዎችንም ያኮማትራል። በሽተኛው ውኃ ሲያይ የሚንፈራገጠው ስለዚህ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ ቫይረሱን መቅደም ያስፈልጋል። ውጫዊ ሽፋኑ ስብ ስለሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል፤ ቁስሉን ወዲያውኑ በወራጅ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ቀጥሎ በዚያው ዕለት ለክትባት ጤና ተቋም መሄድ። «እገሌ በባህል መድኃኒት ድኗል» የሚል መቃወሚያ መምጣቱ አይቀርም። እገሌ መዳኑን አልክድም። ከሚናከሱት ውሾች ብዙዎቹ በሽታው የለባቸውም፤ ያለበት ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉም አይያዝም። ስለዚህ ማንም ምንም ቢሰጥ ከታከሙት አብዛኞቹ ይተርፋሉ፣ የባህል ሐኪሙ ስምም ይገንናል። ያልተረፈው ግን ምስክር አይሆንም።

ወደ መርዙ እንምጣ። የባሊ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2008 ወረርሽኙ ሲነሳ ውሾችን በብዛት አስገደለች፤ በሽታው ግን ተስፋፋ፤ መቀነስ የጀመረው በ2010 ደሴቱን ያዳረሰ የውሾች ክትባት ሲጀመር ነው። የሉካንዳ አጥንትና የምግብ ትራፊ እስካለ ድረስ የሞተውን ውሻ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይተካዋል፤ መርዙ ደግሞ የተከተበውንም አይምርም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው እንዲከተቡ ይመክራል። ቁጥሩ ያከራክራል፣ መከራከሩም ተገቢ ነው፤ አንድ በሽተኛ ውሻ በአማካይ ከሁለት ላነሱ ውሾች ስለሚያስተላልፍ በስሌት ሲታይ ከዚያ ያነሰም ይበቃል። ነገር ግን ውሻ ቶሎ ይሞታል፣ ቶሎም ይወልዳል፤ ዘንድሮ 70 የነበረው ለከርሞ በእጅጉ ያሽቆለቁላል። ቁጥሩ ከፍ የተደረገው ለዚህ ነው። ባለቤት አልባ ውሾችን ይዞ መከተብ ከባድ ነው ለሚሉትም፣ አዎ ከባድ ነው፤ ሆኖም የብሎክ ውሻ የሚባለው አብዛኛው የሚያበላው ሰው አለው። የሚያበላው ሰው ያስከትበው፤ እሱ ሲጠራው ይመጣል።

በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 2,700 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ግምት የሆነው ብዙዎች ሐኪም ሳያዩ ቤታቸው ስለሚሞቱ ነው። ውሻ ያላችሁ፣ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው አስከትቡ፣ በየጊዜውም አሳድሱ። ሰው ከነከሰ ደግሞ አትግደሉት፤ አስራችሁ 10 ቀን ተመልከቱት። በነከሰበት ጊዜ ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። የተነከሰው ሰው ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም፤ ክትባቱን ዛሬውኑ ይጀምራል።