«የለም» ያለው ማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ለአንድ ዘመዴ የቆየ ፋይል ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ «ሃይሉ» ብላ ስሙን ጻፈች፤ ኮምፒዩተሩ ባዶ ሠንጠረዥ አወጣላት።

«ጋሼ፣ የለም» አለችኝ።

«እስቲ የኔ ልጅ፣ በብዙኃኑ ኀ ሞክሪልኝ» አልኳት። «ኃይሉ» ብላ ብትጽፈው ሰውየው ከነአባቱ ስም ብቅ አለ።

ሁለተኛውን ሙከራ ባልጠይቅ ኖሮ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ይዤ እመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ ሙግቱ ከደብዳቤው ጋር ነው፤ ማኅተም ያረፈበት «የለም» ደግሞ በቀላሉ አይረታም።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ይሁንና ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያሻም። ዳታቤዝን መዝገብ ቤት ነው እንበል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሠንጠረዥ ግን መዝገብ ቤቱ ራሱ አይደለም፤ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ጥንቁቅ ምስክር የተጠየቀውን ብቻ እንደሚመልስ ሁሉ፣ ዳታቤዝም «በዚህ ፊደል የተጻፈ አለ ወይ?» ሲባል ለዚያችው ብቻ ይመልሳል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሃ እና ኃ በዩኒኮድ ቁጥራቸው ይለያያል፤ የመጀመሪያው 4611፣ ሁለተኛው 4739 ነው። ማሽኑ የሚያወዳድረው ቁጥሩን ነው። ገ/ማርያም እና ገብረማርያምማ ጨርሶ አይተዋወቁም!

ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ ከባዶው ሠንጠረዥ በላይ «ሃይሉ ተብሎ የተጻፈ አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር እሷም በሌላ ፊደል ትሞክር ነበር። የተሻለው መንገድ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጦ፣ ከጎኑ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያመጣ የተደበቀ ዓምድ መያዝ ነው። የሚፈለገውም ስም በዚያው ሥርዓት ተለውጦ ዓምዱ ላይ ይፈለጋል፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን ዋናው ስም ነው። ዋናውን «ላስተካክል» ማለት አይገባም፤ መታወቂያውም ውርሱም የተያያዘው በዚያ ፊደል ነው።

መልሱን የሚቆርጡ ፕሮግራሞችም አሉ። ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች ካልነኩት በቀር 1,000 ረድፍ ላይ ያቆማል። ገደቡን ከላይ ጽፎታል፤ ማን ልብ ብሎት!

ልወጣ ስል ከኋላዬ የተሰለፉት እናት ስማቸውን ሲናገሩ ሰማሁ፤ ፀሐይ ይባላሉ። በትንሹ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ያለው ስም ነው። ቆሜ ጠበቅኳቸው።