ፈትቶ መሥራት ሌብነት ነውን?

በሮቤና በጎባ ዙሪያ ያለው የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዘራበት የስንዴ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። አጨዳውም በኮምባይነር ነው። እንግዲህ ዝናብ ባንዣበበበት ሰዓት የኮምባይነሩ አንድ ጥርስ ቢሰበርና መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ይጠበቅ ቢባል፣ የገበሬው ልፋት እዚያው ማሳው ላይ ይበቅላል። ባለ ቶርኖው ግን የተሰበረውን ፈትቶና ለክቶ ምትኩን ይቀርጻል። ከመካከላችን አንዳንዶች ይህን «የሰው ፈጠራ መስረቅ ነው» ሲሉ ስለምንሰማ፣ ሕጉ የሚለውን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

በመጀመሪያ፣ በገንዘባችን የገዛነውን ዕቃ ፈትቶ ማጥናት በራሱ ወንጀል አይደለም። ስለ ፈጠራ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለሳይንሳዊ ምርምርና ሙከራ ብቻ የሚደረገውን፣ እንዲሁም ለንግድ ያልሆነውን ሥራ ከባለ ፓተንቱ መብት ውጭ አድርጎታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1974 በኬዋኒና በባይክሮን ክርክር ላይ፣ ዕቃን ፈትቶ ምሥጢሩን ማወቅ ሐቀኛ መንገድ መሆኑን ተናግሯል።

ጥያቄው የሚመጣው ሠርቶ በመሸጥ ላይ ነው፤ ባለ ቶርኖው ዋጋ ይቀበላልና። ስለዚህ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል። ፓተንቱ በኢትዮጵያ ተሰጥቷልን? ዘመኑስ አላለፈምን? በጀርመን የተሰጠ ፓተንት የሚያስረው በጀርመን ነው። በእኛ አገር የሚጸናው ለ15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ከዚያ በኋላ የሁሉም ሀብት ነው። እንግዲህ ከ20 ዓመት በላይ ያስቆጠረን ኮምባይነር ጥርስ መቅረጽ በፓተንት ስም የሚከለክለው የለም ለማለት ይቻላል።

የተከለከለው ሌላ ነው። በሮቤ የተቀረጸውን ጥርስ የውጭ ፋብሪካ ምልክት አትሞ «ኦርጅናል ነው» ብሎ መሸጥ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998ን የሚጥስ ማታለል ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቀድቶ መቸርቸርም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል፤ ይኸው አዋጅ ግን ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን አያጥርም። ባለ ቶርኖው አሻሽሎ አዲስ ነገር ቢጨምርበትማ፣ እርሱ ራሱ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ለመጠየቅ ይችላል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። እኛ ዛሬ «ቀጥቃጭ» ማለቱን ትተን «ሌባ» ብንለው፣ ስድቡ ስሙን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ባለ ቶርኖው የሚያስፈልገው የመብቱን ወሰን በሚገባው ቋንቋ፣ በባሌም በኦሮምኛ ጭምር፣ የሚያስረዳው ሰው ነው። የተማርነው ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆን?