ማሰሪያው ሳይታይ አይፈረም

ነዶ ካልታሰረ ይበተናል። ጭነትም በመጫኛ ካልጠበቀ ከአህያዋ ጀርባ ላይ ይወድቃል። ንግግርም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው «ገበሬው ላሟን በገበያ» ብሎ ዝም ቢል ምን ማለቱ ነው? ሸጠ? ገዛ? አሰረ? አጣ? አይታወቅም። «ገበሬው ላሟን በገበያ ሸጠ» ሲል ግን ነገሩ ይቋጫል። «ሸጠ» የሚለው ቃል ግስ ይባላል። ዓረፍተ ነገሩን ስለሚያስር ማሰሪያ አንቀጽም ይሉታል። በአማርኛ ቦታው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው።

ግስ ሁሉ ግን ሥራው አንድ አይደለም። ሦስቱን ዓይነት እንመልከት።

አንደኛው፣ ድርጊቱ በአድራጊው ላይ የሚቀር ነው። «ልጁ ተኛ»፣ «ጥጃው ሮጠ» ስንል ሌላ የተነካ ነገር የለም።

ሁለተኛው፣ ከአድራጊው አልፎ ወደ ሌላ የሚሻገር ነው። «ገበሬው ማሳውን አረሰ» ስንል አራሹ ገበሬው፣ የታረሰው ማሳው ነው። ይህ ተሻጋሪ ግስ ይባላል።

ሦስተኛው ሥራ አይናገርም። ነገሩ ምን እንደሆነ ወይም እንዴት እንደሆነ ብቻ ይናገራል። «መሬቱ ለም ነው»፣ «ዝናቡ ጥሩ ነበር» እንደምንለው ነው።

ደግሞም አንዱ ግስ በፊቱ ፊደል ሲጨመርበት ትርጉሙ ይለወጣል። «ከበደ ከፈለ» ስንል ገንዘቡ የወጣው ከከበደ ኪስ ነው። «ከበደ አስከፈለ» ስንል ግን ገንዘቡ የወጣው ከሌላ ሰው ኪስ ነው። «ዕዳው ተከፈለ» ካልንስ? ዕዳው አልቋል፤ ማን እንደከፈለው ግን አልተነገረም። በመጨረሻው ላይም ለውጥ አለ። «ሸጥኩ» ሲል እኔ ነኝ፤ «ሸጥሽ» ሲል አንቺ ነሽ፤ «ሸጡ» ሲል እነሱ ናቸው።

ግስ በሌላም ቋንቋ አለ፤ አካሄዱ ግን ይለያያል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይማራሉ። በእንግሊዝኛ ግሱ መሐል ላይ ይገባል። «ዘ ፋርመር ሶልድ ዘ ካው» ሲሉ በእነሱ ተራ «ገበሬው ሸጠ ላሟን» እንደማለት ነው። «ሶልድ» የሚለው ግስ፣ ሻጩ እኔም ብሆን አንቺም ብትሆኚ አይለወጥም። ስለዚህ ሻጩን ሁልጊዜ ለብቻው ይጠሩታል። «ላሟ ተሸጠች» ለማለትም «ዋዝ» የሚባል አጋዥ ግስ ያስገቡና «ዘ ካው ዋዝ ሶልድ» ይላሉ። «ይከፈላል» ለማለት ደግሞ «ዊል ቢ ፔይድ» ይላሉ። ሦስት ቃል መሆኑ ነው። እኛ በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን። ስለዚህ አማርኛ ስናነብ የግሱን እያንዳንዷን ፊደል ማየት አለብን።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አንድ ገበሬ ለነጋዴ ሁለት ኩንታል ጤፍ በዱቤ ሰጠ እንበል። ዋጋው 24,000 ብር ነው። ንግግራቸው ገንዘቡ ለጥምቀት እንዲሰጥ ነው። ወረቀት ተጻፈ። ወረቀቱም «የጤፉ ዋጋ 24,000 ብር ተከፍሏል» ይላል። ገበሬው ስሙን አየ፤ ቁጥሩን አየ፤ ልክ ነው ብሎ ፈረመ። ማሰሪያውን ግን አላየም። ጥምቀት ደርሶ ገንዘቡን ቢጠይቅ ነጋዴው ወረቀቱን ያወጣል። «ተከፍሏል» ማለት ገንዘቡ ተሰጥቷል፣ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ገበሬው ሳይቀበል ተቀብያለሁ ብሎ ፈርሟል!

መጻፍ የነበረበት «ይከፈላል» ነው። ይህም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ማን ነው የሚከፍለው? አልተነገረም። «ፈ» በ«ፍ» ትለወጥና «ይከፍላል» ይባል። «ነጋዴው እገሌ ለገበሬው እገሌ ጥር 11 ቀን 24,000 ብር ይከፍላል» ቢባል ከፋዩም፣ ተቀባዩም፣ ቀኑም ታወቀ። ዓመተ ምሕረቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል።

እንግዲህ የውል ወረቀት ሲቀርብልን መጀመሪያ ግሱን እንፈልግ። ሦስት ነገርም እንጠይቀው። አድራጊው ማን ነው? የሚደረገው ለማን ወይም በማን ላይ ነው? ሆኗል ወይስ ገና ነው? መልሱን ካላገኘን ጣታችንን ቀለም አናስነካ፤ ብዕርም አናንሳ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በስሕተት የተጻፈም ይወረሳልና እንጠንቀቅ።

ጥያቄዎች
1. «ከፈለ» እና «አስከፈለ» በምን ይለያያሉ?
2. «ይከፈላል» እና «ይከፍላል» ከሚሉት ከፋዩ ማን እንደሆነ እንድንጽፍ የሚያስገድደን የትኛው ነው?
3. በቤታችሁ ያለ አንድ ደረሰኝ ወይም ውል አውጡና ግሱን ፈልጉ። ሆኗል ይላል ወይስ ገና ነው?