የሃይማኖት ሥልጣንና የምእመናን እምነት በኢንተርኔት ዘመን

በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር የምትገኘው ወንዛዬ በፍል ውሃዋ የታወቀች ናት። ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ሕመምተኞች ፈውስ ፍለጋ ወደዚያ ይወርዳሉ። በቀድሞው ልማድ የፍል ውሃም ሆነ የጠበል ዝና የሚስፋፋው በአፍ ነበር፤ ድኖ የተመለሰ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለዘመዱ ይነግራል። ሰሚውም የተናጋሪውን ጠባይ ስለሚያውቅ ቃሉን በዚያው ይመዝነዋል። ዛሬ ግን ስለ ጠበልና ስለ አጥማቂዎች የሚነገረው ወሬ በእጅ ስልክ በሚታይ ምስል ይደርሳል፤ ተናጋሪው የማን ልጅ፣ የማን ደቀ መዝሙር እንደ ሆነ ተመልካቹ አያውቅም። እንግዲህ የዘመኑ ጥያቄ «ምን ተባለ?» ብቻ ሳይሆን «ያለው ማን ነው? እንዲልስ ማን ፈቀደለት?» የሚል ሆኗል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ከጥንት ጀምሮ ከሁለት ምንጮች ይቀዳል። አንደኛው ክህነት ነው። ክህነትን የሚሰጠው ጳጳስ ለብዙ መቶ ዓመታት ከእስክንድርያ የሚላክ ግብጻዊ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ተሾሙ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ሁለተኛው ምንጭ ትምህርት ነው። ጳጳሱ ለአገሩ ቋንቋ እንግዳ ስለ ነበረ የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ ዜማውና ቅኔው በአገሬው ሊቃውንት እጅ ጸንቶ ኖረ። ስለዚህ ጳጳሱ ይሾማል፣ መምህሩ ያስተምራል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም ነበር።

የትምህርቱ ሥልጣን የሚረጋገጥበት መንገድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ቁራሽ እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል። ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋምና ለትርጓሜ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ድጓ የተማረ ሰውም በጋይንት ቤተልሔም ያስመሰክራል፤ ይኸውም ዜማውን በዚያ ባሉ መምህራን ፊት አሰምቶ፣ ታርሞና ተመርቆ ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የመምህሩንና የቦታውን ስም ይጠራል። መልሱ ሐሰት ቢሆን የሚያጋልጠው አይጠፋም፤ ምክንያቱም አብረውት የተማሩት በየደብሩ አሉ። በዚህ ሥርዓት ምስክሩ ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው።

ኢንተርኔት በእነዚህ ሁለት ምንጮች ላይ ሦስተኛ አከለ፤ እርሱም ተሰሚነት ነው። ብዙ ተከታይ ያለው ሰባኪ ጳጳስ ሳይሾመው፣ መምህርም ሳይመርቀው «መምህር» ተብሎ ሊጠራ ይችላል። የተመልካቹ ብዛት እንደ ምስክር ይቈጠርለታል። ነገር ግን ብዛት የሚመሰክረው ሰውየው መወደዱን እንጂ ቃሉ መታረሙን አይደለም፤ ልዩነቱ ያለው በዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እስከ ምን እንደሚደርስ በ2015 ዓ.ም. ታየ። ጥር 14 ቀን በኦሮሚያ ክልል፣ በወሊሶ አካባቢ፣ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ 26 መነኮሳትን በኤጲስ ቆጶስነት ሾሙ። ምክንያታቸውም ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ አገልግሎት አላገኘም የሚል ነበር። ቅዱስ ሲኖዶስ ጥር 18 ቀን አወገዛቸው። በዚህ ጊዜ ክርክሩ ከጉባኤ ወጥቶ በየሰው መዳፍ ገባ፤ ሹመቱም ውግዘቱም በስልክ ታየ። በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፋ። ሲኖዶሱ ምእመናን በጾመ ነነዌ ጥቁር እንዲለብሱ ባወጀ ጊዜ ጥሪው በጥቂት ቀናት ውስጥ በየአገሩ ተዳርሶ ብዙዎች ለበሱ። የካቲት 2 ቀን ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ እገዳው እስከ ሐምሌ ወር ቈየ። የካቲት 8 ቀን ግን ወገኖቹ ተቀምጠው ተነጋግረው ስምምነት ተፈራረሙ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ኢንተርኔት የተቃውሞ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ የሲኖዶሱንም ቃል ያደርሳል። በ2013 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ስለ ትግራይ ጦርነት የተናገሩት በምስል ተቀርጾ ዓለም የሰማው በዚሁ መንገድ ነበር። ሁለተኛ፣ ቃሉን ያደረሰው መሣሪያ ቢሆንም ያስከበረው መሣሪያው አይደለም፤ ጥቁር የለበሰው ምእመን የታዘዘው ለስልኩ ሳይሆን ለሲኖዶሱ ነው።

አዲሱ መንገድ ያመጣው ጥቅምም አይካድም። በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች እንዳይገቡ ሥርዓት አለ፤ ከገዳማት የብራና መጻሕፍት ግን ምስላቸው የወጣው ለወንድም ለሴትም በእኩል ይታያል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በማይክሮፊልም መነሣት ከጀመሩት የኢትዮጵያ መጻሕፍትም ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ሆኖም ምስሉን ማየት መጽሐፉን መረዳት አይደለም፤ የአንድምታው ትርጓሜ ከመታተሙ በፊት ለዘመናት በቃል የኖረው፣ መምህር ያላረመው ንባብ ያስታል ተብሎ ስለሚታመን ነው።

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእርሱ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ያን ጊዜ ለባላገሩ ጠፋ። በቃል የተያዘ ዜማ ግን መስመር ቢቈረጥ አይቋረጥም። ስለዚህ ሥልጣን በኢንተርኔት ዘመን የሚጸናው ድምፁን ከፍ በማድረግ ሳይሆን ያ የቈየ ጥያቄ ለአዲሱም ሰባኪ ሲቀርብለት ነው፤ «ከማን ተማርህ?» ይህን ጥያቄ መጠየቅ የተወ ምእመን ለሰማው ሁሉ ይገዛል፤ የሚጠይቅ ግን በስልክም ቢሰማ እንደ ጥንቱ ሰሚ ተናጋሪውን ይመዝናል።