ያውቁ ኖሯል? የጎልፍ ዱላ ከስትሮክ በኋላ

ጎልፍ ከስትሮክ ለተረፉ ሰዎች መዝናኛም የሰውነት ማጎልመሻም ይሆናል። ዱላው በሁለት እጅ ስለሚያዝ ብርቱው እጅ የደከመውን ይመራዋል፤ ኳሷ ስትመታ የሰውነት ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ዓይንም ርቀት ይለካል። አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው እንዲህ ባለ ድግግሞሽ ነው።

ለጅማሬ ሰፊ የሣር ሜዳ አያስፈልግም። ለምሳሌ የሳላማጎ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቆላማዋ ሃና፣ በትር ከቦዲና ከሙርሲ እረኞች እጅ በማይለይበት አገር፣ ደልዳላ መሬት፣ ቆልማማ ዱላ፣ ትንሽ ኳስና ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ይበቃሉ። የገና ጨዋታንስ በቆልማማ ዱላ አይደል የምንጫወተው?

ቆላው ሳይሞቅ ማለዳ ይሻላል። በደከመው ጎን በኩል ደጋፊ ይቁም፤ መውደቅ ትልቁ አደጋ ነውና። የደም ግፊት ሳይለካና የጤና ባለሙያ ሳይፈቅድ ግን ፈጽሞ አይጀመር።