የአደጋ ጊዜ ነርስነት በካርድ ጨዋታ

ለጨዋታው አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከካርቶን የተቆረጡ ካርዶች፣ ባለ አራት ቀለም ክርና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የአንድ ተጎጂ ሁኔታ ተጽፏል፦ ዕድሜው፣ የሚታየው ጉዳት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ፣ የእጅ አንጓው የደም ምት፣ ሲጠሩት ይመልስ እንደሆነ። የነርሲንግ ተማሪዎች በቡድን ይቆማሉ፣ አሰልጣኙ ሰዓት ይይዛል። ለአንድ ተጎጂ ያላቸው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በዚያች ደቂቃ ካርዱን አንብበው፣ ቀለም ወስነውና ክሩን አስረው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

የአደጋ ጊዜ ነርስነትን በጨዋታ ማስተማር ማለት ይህን የመሰለ ነገር ነው። በብዙ አገሮች እየተሠራበት ያለ ዘዴ ሲሆን፣ በሰሜን ወሎ ላሉት ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ወረዳ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

በአዘቦት ቀን ነርስ አንድ በሽተኛ ይዞ በእጁ ያለውን ሁሉ ያደርግለታል። አደጋ በደረሰ ቀን ግን የተጎጂው ቁጥር ከአልጋውም፣ ከኦክስጅኑም፣ ከባለሙያውም ይበልጣል። ነርሱ ያን ቀን ራሱን የሚጠይቀው ያለኝ ነገር ለማን ቢውል ብዙ ሰው ይተርፋል ብሎ ነው። ገበጣ የተጫወተ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ የአንዱ ጉድጓድ ጠጠር ተነሥቶ ነው ሌሎቹ የሚሞሉት። ይህ ሥራ የራሱ ዕውቀት እንደሚያስፈልገው ስለታመነ ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤትና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለአደጋ ጊዜ ነርስ የሚያስፈልጉትን ችሎታዎች ዘርዝረው አወጡ። ምክር ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ዝርዝሩን አሻሽሎታል።

ሰሜን ወሎ አደጋን ከመጽሐፍ አይደለም የሚያውቀው። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎን የጨረሰው ረሃብ፣ የ1977ቱ ድርቅ፣ በ2013 መጀመሪያ የደረሰ ሰብል ላይ ያረፈው የበረሃ አንበጣ ሁሉም በዚህ ምድር አልፈዋል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጦርነቱ ወልድያ ገባ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትቆይ በአካባቢው ያሉ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። ከዚያም ሀብሩ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችን በጃራ መጠለያ ተቀበለች። ከምዕራቡ ደጋ ተነሥተው ወደ አፋር የሚወርዱት ወንዞች ክረምት ላይ ሲሞሉ ደግሞ ጎርፉ የወረዳዋን ቆላ ያገኘዋል። እዚህ ተመርቆ የሚሠራ ነርስ አንድ ቀን ከነዚህ ከአንዱ ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ሳይዘጋጁ መገናኘት ምን እንደሚመስል በ1977 በመቐለ ታይቷል። ክሌር በርሺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ በአንድ የሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ ትሠራ ነበር። በረድፍ ተቀምጠው ከሚጠብቁት ከሺህ የሚበልጡ ሕፃናት መካከል ጣቢያው መቀበል የሚችለው 60 ወይም 70 ብቻ ነበር፤ የሚገቡትን መምረጥም በእሷ ላይ ወደቀ። በጣም የተዳከሙት ምግቡን ቢያገኙም የመትረፍ ዕድላቸው ጠባብ ስለነበር፣ ሊተርፉ የሚችሉትን መምረጥ ነበረባት። ውሳኔው ለብዙ ዓመታት እንዳሠቃያት በኋላ ተናግራለች። ኋላ ላይ በለንደን የሐሩር አካባቢ ነርስነትን ለሌሎች ነርሶች አስተምራለች።

እንዲህ ያለ ውሳኔ በሌክቸር ብቻ አይለመድም። ተማሪው የአራቱን ቀለሞች ትርጉም በቃሉ ይዞ ፈተና ያልፋል። የሚያለቅሱ ቤተሰቦች ሲከቡት፣ አምቡላንሱ አንድ ብቻ ሲሆንና ሰዓቱ ሲሮጥ ግን በቃል የተያዘው ነገር ከጭንቅላቱ ይጠፋል። ጨዋታው ይህን ጫና በትንሹ ክፍል ውስጥ ያስገባዋል። በስሕተቱ የሚሞት ሰው ስለሌለም ተማሪው ደግሞ ደጋግሞ መሞከር ይችላል።

ካርዶቹን ለመለየት በብዛት የሚሠራበት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1983 በካሊፎርኒያ፣ ኒውፖርት ቢች ከተማ፣ አንድ ሆስፒታልና የከተማው እሳት አደጋ መከላከያ አብረው ያወጡት ነው። መራመድ የሚችል ሁሉ አረንጓዴ ይታሰርለታል። ከቀሩት መካከል የማይተነፍስ ካለ የአየር መንገዱ ይከፈትለታል፤ ያኔም ካልተነፈሰ ጥቁር፣ ከተነፈሰ ቀይ። በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ቀይ ነው። የእጅ አንጓው ምት የማይገኝም፣ «እጄን ጨብጥ» ሲባል መጨበጥ የማይችልም ቀይ። የቀረው ቢጫ ሆኖ ይጠብቃል። በዚህ ደረጃ ላይ የሚፈቀደው ሕክምና የአየር መንገድ መክፈትና የሚፈስ ደም ማቆም ብቻ ነው።

ጨዋታው የሚያወጣው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። እየጮኸ እግሩን የያዘው ጎልማሳ ዓይን ይስባል፤ ጥጉ ላይ ዝም ብላ የተቀመጠች፣ ትንፋሿ የፈጠነ ሴት ግን ትታለፋለች። ጥቁር ክር ማሰር የሚከብደው ተማሪ አንዱ ካርድ ላይ ቆሞ ሲቀር ከኋላው ያሉ ሁለት ቀዮች ጊዜያቸው ያልቃል። ሰዓቱ ሲቆም አሰልጣኙ ውጤት ከመናገሩ በፊት «ይቺን እናት ቢጫ ያላችኋት ምን አይታችሁ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ትምህርቱ በብዛት የሚገኘው ከዚህ ውይይት ነው፤ ውይይቱ የተዘለለበት ጨዋታ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዘዴው በሌላም መልክ አለ። በስዊድን፣ ሊንሾፒንግ ከተማ የተጀመረው ኤመርጎ የተባለ ሥርዓት በነጭ ሰሌዳ ላይ በማግኔት የሚለጠፉ የበሽተኛ ምስሎችን ይጠቀማል። ምስሎቹ ከአደጋው ቦታ ወደ አምቡላንስ፣ ከዚያም ወደ ድንገተኛ ክፍልና ወደ ኦፕራሲዮን ይዛወራሉ፤ እያንዳንዱ ሥራም እንደ እውነተኛው ጊዜ ይወስዳል። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ ተጫዋቹ በተወሰነ ገንዘብ ከተማውን ለጎርፍ ወይም ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚያዘጋጅበት የኮምፒውተር ጨዋታ አለው።

ሀብሩ ግን የራሷን ሰሌዳ ብትሠራ ይሻላል። ከውርጌሳ በመርሳና በሲሪንቃ በኩል ወልድያ የሚደርሰው አስፋልት ይሣልበት። ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወልድያ ደሴ ሪፈር ሲጻፍ ሌላ 120 ኪሎ ሜትር ይጨመራል። በመጀመሪያው ዙር የሕዝብ ማመላለሻ ተገልብጧል እንበል። በሁለተኛው ጎርፍ መንገዱን ይቆርጠዋል፤ አንዱ አምቡላንስ በማዶ ቀርቷል። በሦስተኛው መጠለያ ውስጥ አተት ይነሣል፤ የካርዶቹም ጥያቄ ይለወጣል። ውሃው ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ይደርሳል ወይ? አንድ መጸዳጃ ከ20 ሰው በላይ ይጠቀምበታል ወይ? የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን የት ይላካል? የአደጋ ጊዜ ነርስ ሥራ ትልቁ ክፍል ቁስለኛው ከተነሣ በኋላ ባሉት ሳምንታት እንደሚመጣ ተማሪው በዚህ ዙር ያየዋል።

አንድ ካርድ ከሁሉም በፊት መገለጥ አለበት፦ «ቦታው ለአንተ ደኅና ነው?» የሚለው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ሲንሸራተት ጎረቤት ሁሉ ለነፍስ አድን ሮጠ። ሁለተኛው ናዳ የቀበረው እነሱን ነበር፤ ከሟቾቹም መካከል የጤና ባለሙያዎች ይገኙበታል ተብሏል። የሮጡት ሰዎች ደግነት የሚከበር ነው። ተማሪው ከመሮጡ በፊት ቆም ብሎ ቀና ብሎ ተራራውን ማየት እንዲለምድ ማድረግ ደግሞ የአስተማሪው ኃላፊነት ነው።

በዚህ አካባቢ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዛሬ ነርሲንግ ከሚማሩት ብዙዎቹ በ2013 ልጆች ነበሩ፤ የተፈናቀለ፣ ሰው የሞተበት፣ ቤቱ የተዘረፈበት በመካከላቸው አለ። ስለዚህ የጦርነት ካርድ በድንገት አይገለጥም። ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነገራል፣ መቀመጥ የፈለገ ይቀመጣል፣ ከጨዋታው በኋላም የሚያነጋግረው ሰው ይኖራል። ኅዘን የደረሰበትን ሰው በትምህርት ስም ዳግም ማቁሰል አይገባም።

ጨዋታው ሁሉን አይሠራም። ደም ማቆምና ግሉኮስ መሰካት በእጅ የሚለመዱ ናቸው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ዕውቀትንና በራስ መተማመንን እንደሚጨምር ቢያሳዩም፣ በእውነተኛው አደጋ ቀን የሚያመጣውን ለውጥ መለካት ከባድ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ከተማ ሌላ ቦታ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚታወቅ ልምድ አለው፤ በጦርነቱ ወራት የሠሩ ነርሶች እዚያው ናቸው። እነሱ ያዩትን ስም ሳይጠሩ ወደ ካርድ ቢለውጡት፣ የመርሳ ጤና ባለሙያዎችም ለአንድ ቀን ከተማሪዎቹ ጋር ቢጫወቱት ወጪው ካርቶንና እስክሪፕቶ ነው። በዚያ ክፍል የተሳሳተና ስሕተቱን የተወያየበት ተማሪ፣ አደጋው ሲመጣ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ይህን ዕድል ሳንሰጠው ወደ ድንገተኛ ክፍል መላክ የለብንም።