በልብ የተሣለ መልክና በቤት ያለ ሰው

ሰው በዕድሜው ከሚመርጣቸው ነገሮች ሁሉ የትዳር ጓደኛን እንደ መምረጥ ያለ ከባድ ነገር የለም። ለእርሻ የሚሆን በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን አይቶ፥ ጫንቃውን ዳስሶ፥ ጠባዩን ከባለቤቱ ጠይቆ ይገዛል። በፍቅር የተያዘ ጐልማሳ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያያትን ልጅ «ከጥንት ጀምሮ የማውቃት ይመስለኛል» ይላል፤ እርስዋም እንደዚሁ ትላለች። ይህ ንግግር ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቃት ማንን ነው? በፊቱ የቆመችውን ነውን፤ ወይስ በልቡ ተሥላ የኖረችውን?

ይህን ጥያቄ በጥልቅ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1875 ዓ.ም. ተወልዶ በ1961 ዓ.ም. ሞተ፤ ከዚህ በታች የሚጻፈውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። ዩንግ የበሽተኞቹን ሕልም ሲያዳምጥ፥ የልዩ ልዩ ሕዝቦችንም ተረት ሲያነብ፥ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ተመሳሳይ ምስሎችን በልባቸው እንደያዙ ተመለከተ። እነዚህም እንደ አሳዳጊ እናት፥ እንደ ጠቢብ ሽማግሌ፥ እንደ ጀግና ያሉት ናቸው። እርሱም «አርኬታይፕ» ብሎ ሰየማቸው፤ ትርጓሜውም በጽርእ ቋንቋ የመጀመሪያ አርአያ ማለት ነው።

ለፍቅር ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጡት ሁለት ናቸው። ወንድ በልቡናው ውስጥ የሴት ሥዕል ይዞ ይኖራል፤ ይህም አኒማ ይባላል። ሴትም የወንድ ሥዕል ይዛ ትኖራለች፤ ይህም አኒሙስ ይባላል። የወንዱ ሥዕል መጀመሪያ ቀለሙን የሚያገኘው ከእናቱ፥ የሴቲቱም ከአባትዋ ነው፤ ከዚያ በኋላ የእኅትና የወንድም ጠባይ፥ የመምህርም ቃል፥ በልጅነት የተሰማ ተረትም ይጨመርበታል።

ነገሩ በሲኒማ ሊመሰል ይችላል። ከበስተኋላ ያለው መብራት ሥዕሉን በነጭ መጋረጃ ላይ ይጥለዋል፤ ተመልካቹም ፊቱን ወደ መጋረጃው አድርጎ ስለ ተቀመጠ፥ ሥዕሉ ከበስተኋላው እንደሚመጣ አያስብም። በፍቅር የተነደፈ ሰውም እንዲሁ ነው። ዝም የምትለውን ልጅ «ጥልቅ ሐሳብ አላት» ይላል፤ ምናልባት ግን ዐይነ አፋር ብቻ ናት። እርስዋም ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረውን ጐልማሳ «ቈራጥ ነው» ትላለች፤ ምናልባት ግን ቍጡ ብቻ ነው።

ሠርጉ አልፎ ኑሮ በአንድ ጣራ ሥር በተጀመረ ጊዜ፥ ሥዕሉና ሰውየው አልገጥም ይላሉ። ባል «ሚስቴ ተለወጠችብኝ» ይላል፤ ሚስትም «አታለለኝ» ትላለች። ብዙ ጊዜ ግን የተለወጠም ያታለለም የለም፤ መብራቱ ስለ ጠፋ መጋረጃው ብቻውን ታየ እንጂ። ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሥዕሉ የራሱ እንደ ሆነ ያላወቀ ሰው ከአንዱ አንሥቶ በሌላው ላይ ይጥለዋልና፥ ልጆች የተወለዱበት ቤት ይፈርሳል።

ዩንግ በ1925 ዓ.ም. ስለ ጋብቻ በጻፈው ጽሑፍ፥ ከባልና ከሚስት አንዱ መላ ኑሮውን በትዳሩ ውስጥ ሲያገኝ፥ ሐሳቡ የበዛው ሌላው ግን ቤቱ እንደሚጠበውና ዐይኑ ወደ ውጭ እንደሚመለከት ገለጸ። መድኃኒቱም፥ ያ ሰው በውጭ የሚፈልገውን በገዛ ራሱ ውስጥ መፈለግ እንደ ሆነ አስተማረ።

ነገር ግን ይህን የጻፈው ሊቅ ራሱ ከፈተናው አላመለጠም። በ1903 ዓ.ም. ኤማ ራውሸንባኽን አግብቶ አምስት ልጆች ወልዶ ሳለ፥ መጀመሪያ ለሕክምና መጥታ በኋላ የሥራ ረዳቱ ከሆነችው ከቶኒ ቮልፍ ጋራ ለብዙ ዓመታት በፍቅር ተሳስሮ ኖረ፤ ሚስቱም ይህን ታውቅ ነበር። ማወቅና መፈጸም ልዩ ልዩ መሆናቸውን ከዚህ ቤት እንረዳለን። ኤማ ግን ትዳርዋን ሳትተው ራስዋም የነፍስ ሐኪም ሆነች፤ በ1931 ዓ.ም. ስለ አኒሙስ በዙሪክ ንግግር አደረገች። የትምህርትዋም ፍሬ፥ ሴት የማሰብንና የመወሰንን ኃይል በወንድ ላይ ጥላ የኖረች እንደ ሆነ፥ ያን ኃይል መልሳ በራስዋ ውስጥ ልታሳድገው ይገባል የሚል ነው።

እነዚህ ሥዕሎች ከትውልድ ወደ ትውልድ ይወረሳሉ የሚለው የዩንግ ሐሳብ በምርመራ አልተረጋገጠም፤ ብዙ የሥነ ልቡና ሊቃውንትም አይቀበሉትም። ሆኖም ሰው በልጅነቱ ያየውን አርአያ ወደ ፍቅር ይዞ እንደሚገባ ሌሎች በሌላ መንገድ መርምረዋል። ሲንዲ ሄዛንና ፊሊፕ ሼቨር የተባሉ አሜሪካውያን በ1987 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ አስቀድመው በአንድ የዴንቨር ከተማ ጋዜጣ ላይ ስለ ፍቅር ያሳተሙትን ጥያቄ ውጤት አቀረቡ። ከመለሱት 620 ሰዎች መካከል ከመቶ 56ቱ ሰውን ለመቅረብና ለማመን አይቸገሩም ነበር፤ 25ቱ መቀራረብን ይሸሻሉ፤ 19ኙም እንዳይተዉ ዘወትር ይሠጋሉ። ስለ ወላጆቻቸው የተናገሩትም ትዝታ እንደየወገናቸው የተለያየ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ሳንድራ መሪና ጓደኞችዋ ባወጡት ጥናት፥ ጓደኛቸውን እርሱ ራሱን ከሚያይበት ይልቅ አብልጠው የሚያዩ ሰዎች በፍቅራቸው የበለጠ ደስታ እንዳላቸው አሳዩ። እንግዲህ ሥዕል ሁሉ ክፉ አይደለም። ክፉው ሰውየውን የሚሸፍነው ነው፤ መልካሙ ግን ሰውየውን ከነጕድለቱ ካወቁ በኋላ በጎነቱን አጕልቶ የሚያሳየው ነው።

ስለዚህ ለማግባት የሚያስቡ ወጣቶች «ስለ እርሱ ያየሁት የትኛው ነው፤ የገመትሁትስ የትኛው ነው?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ። ሲደክመው፥ ገንዘብ ሲያጥረው፥ ከእርሱ ዝቅ ያለውን ሰው ሲያነጋግር ይመልከቱት። ያገቡትም «ተለወጠብኝ» ከማለታቸው በፊት፥ ከጓደኛቸው ይጠብቁት የነበረውን ነገር አንድ ቀን እንኳ በቃል ነግረውት እንደ ነበረ ያስቡ፤ ያልነገሩትም እንደ ሆነ ዛሬ በለሰለሰ ቃል ይንገሩት። ወላጆችም አባት እናትን የሚያናግርበት ቃል፥ እናትም አባትን የምትቀበልበት ፊት በልጆቻቸው ልብ እየተሣለ መሆኑን አይዘንጉ፤ ያ ሥዕል ነገ የሌላ ቤት ደስታ ወይም ኀዘን ይሆናልና።